ስክሪኑ በየጊዜው ለሚጨልም ኮምፒውተር፦ የአንድ የከዚራ ጥገና ቤት ግምገማ

ሞኒተሩ አልፎ አልፎ ሲግናል እያጣ የሚጨልም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለጠጋኝ ከሚቀርቡ ብልሽቶች ሁሉ አስቸጋሪው ይመስለኛል። ጨርሶ የማይነሣ ማሽን ጥገና ቤት ሲደርስ ብልሽቱን ይዞ ይቀርባል፤ ሲሻው የሚጠፋና ሲሻው የሚመለስ ስክሪን ግን ጠጋኙ ዘንድ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውልና ቢሮ በተመለሰ ማግስት ያንኑ ያደርጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ጥሩ ባለሙያ የሚለየው ከመፍታቱ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄና ብልሽቱን በቦታው ለማየት ባለው ትዕግሥት ነው። በድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን ትንሽ ጥገና ቤት በዝርዝር ለመገምገም የተነሣሁትም ይህን ትዕግሥት በተግባር ስላየሁበት ነው።

ቤቱ የንግድ ስም የለውም። በሩ ላይ በእጅ ከተጻፈው «የኮምፒውተርና የፕሪንተር ጥገና» ከሚለው በቀር ሌላ መለያ አላየሁም፤ የአካባቢው ሰው የሚያውቀውም በቦታው ነው። ውስጡ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እንደ ርዝመታቸው ተለይተው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ኬብሎችና የጣሪያ ቬንቲሌተር አሉበት፤ ሠራተኞቹም ባለቤቱና አንድ ወጣት ረዳታቸው ብቻ ናቸው። ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያና በመጋላ ሰፈር ካሉት መደብሮች ጋር ሲነጻጸር የሚሸጥ ዕቃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ይህም፣ በኋላ እንደምገልጸው፣ ለደንበኛው ጥቅምም ጉዳትም አለው።

የእኛ ቢሮ የትራንዚት ሥራ ይሠራል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚያዘጋጅ ሰው በአንዱ ስክሪን የጭነት ሰነዱንና ኢንቮይሱን ከፍቶ በሌላው ቅጹን ስለሚሞላ፣ ሁለት ሞኒተር ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ደግሞ በቆየ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ስለሚቆጠርበት፣ በሥራ መካከል የሚጠፋ ስክሪን የደንበኛን ገንዘብ ያስከፍላል። ኮምፒውተሩ ቀደም ሲል ለንድፍ ሥራ ያገለገለ ሲሆን ምስሉን ለሞኒተሮቹ የሚያዘጋጅ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ አለው። ችግሩ የጀመረው ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ ነበር። አንዳንዴ የግራው ሞኒተር ብቻውን ለቅጽበት ይጨልምና ይመለሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ኖ ሲግናል» ብለው ይጠፋሉ፤ ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ሣጥን) እየሠራና ማራገቢያው እየዞረም ቢሆን፣ ማሽኑ በግድ ተዘግቶ ካልተከፈተ በቀር አይመለሱም። አስቀድሞ ማሽኑን የተቀበለ ሌላ ጥገና ቤት ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ መለሰው፤ ችግሩ ሲቀጥል ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ስለሞተ አዲስ ይገዛ የሚል ውሳኔ ሰጠ።

የከዚራው ባለሙያ በስልክ ነገሩን ካዳመጡ በኋላ የሰጡት መልስ «አቦ፣ ምንም አትንኩት፤ እንዳለ ልየው» የሚል ነበር። ማሽኑ ወደ ጥገና ቤቱ እንዲሄድ አልፈለጉም። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፣ ኮምፒውተሩ ከተሰካበት ሶኬት፣ ከተያያዘበት ኬብል፣ ከክፍሉ ሙቀትና ከጎኑ ካሉት ዕቃዎች ጋር አብሮ ካልታየ የተለየ ማሽን እንደሚሆን፣ በመንቀል ብቻ የላላ ማያያዣ ለጊዜው ሊጠብቅና ችግሩ የተፈታ ሊመስል እንደሚችል ነገሩን። ቢሮ የመጡት አንድ ቴስተር፣ ካቻቢቴና ጥቂት አጫጭር ኬብሎች ብቻ ይዘው ነበር፤ በዚያ ቀንም አንድ ብሎን እንኳ አልፈቱም።

ጥያቄዎቻቸው በራሳቸው ትምህርት ሰጪ ነበሩ። የሚጠፋው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? ሁለቱም ከሆኑ በአንድ ቅጽበት ነው ወይስ ተከታትለው? ሲጠፋ ድምፅ እየተጫወተ ከነበረ ይቀጥላል? ካፕስ ሎክ ሲጫን በኪቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ትበራለች ትጠፋለች? የግራው ብቻውን ሲጠፋ በላዩ የነበሩት መስኮቶች ወደ ቀኙ ይዘላሉ? የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር፤ መልሱ ግን አዎ ነበር፤ ይዘላሉ። ይህ ማለት፣ እንዳብራሩልን፣ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ የተነቀለ መስሎታል ማለት ነው። ምስሉን ወደ ሞኒተሩ በሚያደርሰው የኤችዲኤምአይ ኬብል ውስጥ ካሉት 19 ፒኖች (ጥቃቅን የብረት ጥርሶች) የአንዱ ሥራ ሞኒተሩ መኖሩን ለኮምፒውተሩ ማሳወቅ ስለሆነ፣ ይህ መስመር ለቅጽበት ቢቋረጥ ዊንዶውስ ሞኒተሩን ከዝርዝሩ አውጥቶ መስኮቶቹን ወደ ቀረው ስክሪን ያሸጋግራል። ሞኒተሩ ራሱ መብራቱ ተበላሽቶ ብቻ ቢጨልም ኖሮ መስኮቶቹ በአብዛኛው ባሉበት ይቆዩ ነበር።

ከዚያ አንድ ባዶ ወረቀት አስምረው ጠረጴዛው ላይ ትተውልን ሄዱ። በየጊዜው ስክሪን ሲጠፋ ሰዓቱ፣ የትኛው ሞኒተር እንደጠፋ፣ በዚያን ጊዜ ሰው ምን እያደረገ እንደነበር፣ ፕሪንተሩ እየሠራ መሆን አለመሆኑ፣ ማቀዝቀዣው መነሣት አለመነሣቱ እንዲጻፍበት ነበር። መጀመሪያ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ጊዜ ማባከን አድርገው ቆጥረውት ነበር። እኔ ግን ከጠቅላላው አገልግሎት ይበልጥ ዋጋ የምሰጠው ለዚያ ወረቀት ነው፤ ምክንያቱም ሲሞላ አንድ ችግር ብለን የያዝነው ነገር ሁለት ሆኖ ተገኘ። የግራው ሞኒተር ብቻውን የሚጠፋው ጠዋትም ከሰዓትም ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰው ከወንበር ሲነሣ ወይም ሲቀመጥ ነበር። ሁለቱም አብረው የሚጠፉት ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ ለረጅም ሰዓት ከሠራና ክፍሉ ከጋለ በኋላ ነበር። ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ተደራርበው ሳለ አንዱን ብቻ የሚጠግን ሰው ስክሪኑ ዳግም ሲጠፋ ያያል፤ ከዚያም ትክክል የነበረውን ጥገናውን ራሱን ይጠራጠራል። ብዙ ጠጋኞች በዚህ ዓይነት ብልሽት ላይ ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ያነበቡበት መንገድም ሊጠቀስ ይገባዋል። ዊንዶውስ ግራፊክስ ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠው ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያዝዘውን ፕሮግራም) እንደገና ለማስነሣት ይሞክራል፤ ሲሳካለትም የስክሪን ድራይቨር ቆሞ እንደተመለሰ በቁጥር 4101 ይመዘግባል። በእኛ ማሽን መዝገብ ላይ የድራይቨር ስሕተቶች ተጽፈው ይታዩ ነበር፤ ሁሉም ግን ሁለቱም ሞኒተሮች አብረው ከጠፉባቸው ሰዓቶች ጋር የሚገጥሙ ናቸው። ፎርማት የታዘዘውም «ድራይቨር» የሚለውን ቃል ብቻ በማየት ሳይሆን አይቀርም። ባለሙያው ግን፣ መዝገቡ የሚናገረው ድራይቨሩ ካርዱን ጠርቶ መልስ ማጣቱን እንጂ ካርዱ ለምን ዝም እንዳለ አለመሆኑን አስረዱን፤ ካርዱ ኃይል ቢያጣም፣ ከመጠን በላይ ቢግልም፣ ቢበላሽም መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ያው ነው። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና እንደሚነሣም አሳዩን፤ ሁለቱ ሞኒተሮች አብረው ሲጠፉ ግን ይህም አልመለሳቸውም።

የግራውን ሞኒተር ጉዳይ የጀመሩት ከወንበሩ ነው። በጋዝ ግፊት ከፍና ዝቅ የሚል የቢሮ ወንበር ሰው ሲነሣበት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ፣ ይህም በቅጡ ባልተሸፈነ ኬብል ላይ አርፎ የምስሉን ምልክት ለቅጽበት ሊያቋርጥ ይችላል፤ የማሳያ መሣሪያ አምራቾችም የሚያውቁት ነገር ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ደረቅ አየር ስታቲክ ይበልጥ ይጠራቀማል። የግራው ሞኒተር ኬብል ቀጭንና ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ሆኖ ትርፉ ከጠረጴዛው ሥር ከመብራት ገመዶች ጋር ተጠቅልሎ ይኖር ነበር። ያም ብቻ አልነበረም። የሲፒዩው ብረት እጅ ሲነካው የሚነዝር መሆኑን ለምደነው ስለነበር ለማንም አልነገርንም፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ጀርባ ነክተው ወዲያው አወቁት። የኮምፒውተሩ ገመድ ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ ስፒና ያለው ሲሆን ግድግዳው ላይ የተሰካው ወደ ሁለት ክብ ጥርስ በሚቀይር ርካሽ አዳፕተር ነበር፤ ያ አዳፕተር የባዘነ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን የመሬት መስመር ይቆርጠዋል። ለኮምፒውተሩ ኃይል በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ ደግሞ ከሁለቱ የመብራት መስመሮች ወደ ብረቱ በትንንሽ ካፓሲተሮች የተያያዘ ስለሆነ፣ መሬት ሲያጣ ብረቱ የ220 ቮልቱን ግማሽ ገደማ ይዞ ይቀመጣል። ኃይሉ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ሰውን አይጎዳም ይባል እንጂ፣ በሌላ ግድግዳ ላይ ከተሰካው ሞኒተር ጋር የሚገናኘው በዚያው ቀጭን ኬብል መሸፈኛ በኩል ነው፤ ምልክቱን ለማወክ ይህ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር አሠራራቸውን በሚገባ ያሳያል። መጀመሪያ የቀየሩት ኬብሉን ብቻ ነበር፤ አጭር፣ ወፍራምና በሚገባ የተሸፈነ ኬብል ከመብራት ገመዶቹ አርቀው ዘረጉ፤ ከዚያም ወረቀቱ እንደገና እንዲሞላ ጠየቁ። መጥፋቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ ግን አልቆመም። ቀጥሎ አዳፕተሩን አስወግደው የመሬት መስመር ያለውን ዲቫይደር ሲያስገቡና ኮምፒውተሩንም ሁለቱንም ሞኒተሮች ከዚያው ከአንዱ ሲያስነሡ ጭራሹን ቆመ። የግድግዳውን ሶኬት በቴስተር ለክተው የመሬቱ ሽቦ በእርግጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ ግን ዲቫይደሩን አላስገቡም፤ በሌላኛው ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ቅርጹ ብቻ እንጂ ሽቦው እንዳልተያያዘ ያወቅነውም በዚያ አጋጣሚ ነው። የግድግዳ መስመር የእሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ተናግረው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንድናሳየው መከሩን።

ሁለቱም ሞኒተሮች አብረው የሚጠፉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሁለት ሞኒተሮችና ሁለት ኬብሎች በአንድ ቅጽበት አይበላሹም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁለቱ ከሚጋሩት ነገር፣ ማለትም ከካርዱ፣ ከኃይሉ ወይም ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ ከማዘር ቦርዱ መሆን አለበት ብለው ተነሡ። ሌዘር ፕሪንተሩ ሲሞቅ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚስብ በመጀመሪያ እሱን ወደ ሌላ ሶኬት አዛወሩት፤ ለውጥ አልመጣም፤ ይህም ተጻፈ። የካርዱን ሙቀት በፕሮግራም ሲከታተሉ ከፍ ቢልም ካርዱ ሊሸከመው ከሚችለው በታች ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሲፒዩው የተከፈተው። ውስጡ የሚያሳፍር አቧራ ነበረበት፤ የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ ንፋስ ሲነሣ ያ ደቃቅ አቧራ በመስኮት እንዴት እንደሚገባ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። አቧራውን በብሎወር ከማስወጣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር አሳዩን፤ ለካርዱ ተጨማሪ ኃይል የሚያደርሰው ባለ 6 ፒን ማያያዣ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የመጣ አልነበረም። ፓወር ሰፕላዩ እንዲህ ያለ ማያያዣ ስላልነበረው፣ ባለ 4 ፒኑን የቆየ ማያያዣ ወደ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ተደርጎለት ነበር፤ የአዳፕተሩም ነጭ ፕላስቲክ በአንድ ጥጉ ቡናማ ሆኖ ለስልሶ ነበር።

ይህ ክፍል ለጉዳዩ ዋና ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ግራፊክስ ካርድ ከተሰካበት የማዘር ቦርድ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ባለ 6 ፒኑ ማያያዣ ደግሞ ሌላ 75 ዋት እንዲያደርስ ታስቦ የተሠራ ነው። በ12 ቮልት ይህ ከ6 አምፔር በላይ ነው፤ ስለዚህ ደህና አዳፕተር ከሁለት የተለያዩ ማያያዣዎች ኃይል ይሰበስባል። የእኛው ከአንድ ብቻ የሚስብ ነበር። 12 ቮልቱ በሚያልፍባት የዚያ ማያያዣ አንዲት ፒን ላይ ያለው ንክኪ በጊዜ ብዛት ሲላላ ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል፤ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ሙቀት ሲጨመርበት ካርዱ የሚደርሰው ኃይል ይወርዳል፣ ካርዱም ዝም ይላል። ባለሙያው ይህን በግምት አልተዉትም። ካርዱን ሥራ የሚያበዛበት ፕሮግራም ከፍተው በቴስተር ሲለኩ ከአዳፕተሩ በፊት ያለው 12 ቮልት እንደነበረ ቆየ፤ ከአዳፕተሩ በኋላ ያለው ግን ከ11.4 በታች ወረደ። የቆየው የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ደንብ ለ12 ቮልቱ የሚፈቅደው ልዩነት 5 በመቶ ስለሆነ 11.4 የመጨረሻው ወለል ነው። ካርዱ አልሞተም፤ ፓወር ሰፕላዩም አልሞተም፤ ጥፋቱ በመካከላቸው ያለው ርካሽ ቁራጭ ነበር።

ምርጫውን ለእኛ ተዉልን። ከሁለት ማያያዣ የሚስብ ደህና አዳፕተር በጥቂት ብር መተካት ይቻላል፤ የራሱ ባለ 6 ፒን ገመድ ያለው ፓወር ሰፕላይ መግዛት ደግሞ ውድ ነው፤ ነገር ግን አዳፕተር የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ያስወግዳል። ሁለተኛውን እንደሚመርጡ ተናገሩ፤ ግን አልጫኑንም። እኛም ሁለተኛውን መረጥን። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ በበረታባቸው የግንቦትና የሰኔ ቀናት እንኳ ሁለቱ ስክሪኖች አብረው ጠፍተው አያውቁም።

በአከፋፈላቸው ደስ ያለኝ ነገር አለ። የምርመራው ዋጋ አስቀድሞ ይነገራል፤ ብልሽቱ ባይገኝም ይከፈላል፣ ብልሽቱ ሲገኝ ግን ከጥገናው ላይ ይቀነሳል። አንዳንድ ሰው «ላላገኘው ነገር ለምን እከፍላለሁ» ሊል ይችላል። እኔ ግን ይህ አሠራር ትክክል ነው እላለሁ፤ የሚከፈለው ዕቃ ሲቀየር ብቻ በሆነበት ቦታ ጠጋኙ ዕቃ ለመቀየር ይገደዳልና፣ ደህና ካርድ «ሞቷል» የሚባለውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የተለወጡትን ዕቃዎች ሁሉ ከነአዳፕተሩ መልሰው ሰጥተውናል፤ የተደረገውንም በቅደም ተከተል ጽፈው ፈርመውበታል።

ጉድለቶቹን መደበቅ ግን ለአንባቢ አይጠቅምም። በመጀመሪያ፣ አገልግሎቱ ዘገምተኛ ነው። በየመካከሉ ወረቀት እየተሞላ አንድ አንድ ነገር ብቻ የሚቀየር ከሆነ ማሽኑ እስኪስተካከል ሥራ ይጓተታል፤ አስቸኳይ ጭነት ያለበት ሰው ተለዋጭ ኮምፒውተር ከሌለው ይቸገራል። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ አያከማቹም፤ ፓወር ሰፕላዩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን፤ ዲስፕሌይፖርት የተባለው ሌላው የሞኒተር ኬብልም በቤቱ አልነበረም። ከመደብሮች ሲገዙም ደንበኛው ራሱ ሄዶ እንዲገዛ ዓይነቱን በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፤ ይህ ለጥርጣሬ ቦታ ባይተውም፣ ዕቃ ለማያውቅ ሰው ድካም ነው፣ የተሳሳተ ዕቃ ይዞ መመለስም አለ። ሦስተኛ፣ በቀትር ሙቀት ቤቱ ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት ስልክም አያነሡም። ለተለወጠው ዕቃ የሚሰጡት ዋስትናም በቃል ብቻ ነው፤ እንዲህ ሁሉን ነገር በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ይህንንም ቢጽፈው መልካም ነበር። ረዳታቸው ቢሮ ብቻውን በመጣበት ጊዜ ደግሞ ጨዋና ጠንቃቃ ቢሆንም፣ ሳይደውል የሚወስነው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከተማ ውስጥ መኖራቸውን ማረጋገጥ ይሻላል።

ዊንዶውስ ለማስጫን፣ ራም ለመጨመር ወይም የተሰበረ ኪቦርድ ለመቀየር ወደዚህ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ያንን በቅርብ ያለ ማንኛውም ጥገና ቤት ፈጥኖና በርካሽ ይሠራዋል። ስክሪኑ የሚጠፋበትን ምክንያት ማንም ሊነግረው ያልቻለ፣ ዕቃ ቀይሮ ቀይሮ የሰለቸው፣ ወይም ውድ ካርድ እንዲገዛ የተነገረው ሰው ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እዚህ ቢያስመረምር እመክራለሁ። ከሐረር የሚመጡ ደንበኞችም አሉ፤ እነሱ ማሽኑን ይዘው ሲመጡ ባለሙያው ሲፒዩውን ብቻ አይቀበሉም፤ ሞኒተሮቹ፣ ኬብሎቹ፣ የመብራት ገመዶቹ፣ ዲቫይደሩና በመካከል የገቡ አዳፕተሮች ሁሉ አብረው እንዲመጡ ይጠይቃሉ። ከመሄድዎ በፊት ስክሪኑ የጠፋባቸውን ሰዓቶችና የትኛው ሞኒተር እንደነበር ለጥቂት ቀናት ጽፈው ከያዙ፣ የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል ስላለቀ ሥራው በዚያው መጠን ያጥራል። ቤቱን ለማግኘት ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ወይም ፀሐይ በረድ ስትል ከ10 ሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል።